ኩዌሪ መማር ለምትጀምሩ የድሬ ሰዎች፦ ኤስኪውላይት፣ ማይኤስኪውኤል ወይስ ፖስትግሬስ?

ኩዌሪ ማለት ዳታቤዝን (የተደራጀ የመረጃ ማከማቻን) የምንጠይቅበት ትእዛዝ ነው። ይህን መጻፍ ለመማር የሚነሳ ሰው ገና አንድ መስመር ሳይጽፍ በዳታቤዝ ፕሮግራሞች ምርጫ ብዛት ይደክማል። አንዱ «ማይኤስኪውኤል ጫን» ይለዋል። ሌላው «ፖስትግሬስ ካልሆነ ጊዜህን አታባክን» ይለዋል። ሦስተኛው «ኤክሴል እያለ ምን አደከመህ አቦ!» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንቱ ያልቃል። ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ፕሮግራም ተጭኗል፤ አንድም ጥያቄ ግን አልተጠየቀም።

ይህን የጻፍኩት ድሬዳዋ ውስጥ ከዜሮ ለምትጀምሩ ነው። ታይዋን ወይም ቀፊራ ገበያ ሱቅ ያላችሁ፣ መጋዘን ውስጥ ገቢና ወጪ የምትመዘግቡ፣ የጤና ጣቢያ ሪፖርት የምታጠናቅሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የዳታቤዝ ኮርስ የሚጠብቃችሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መጀመሪያ ኤስኪውላይት ያዙ። የምትለማመዱበትም በደንብ የምታውቁት የራሳችሁ መረጃ ይሁን። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምትሄዱ ሥራችሁ ይወስናል።

እዚህ የማነሳቸው ዳታቤዞች ሁሉ የሚናገሩት ቋንቋ ኤስኪውኤል ነው። መነሻው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። መረጃ በሰንጠረዥ ይደራጅ የሚል ሐሳብ ነበረው። ያንን ይዘው ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ አይቢኤም ውስጥ ቋንቋውን ሠሩት። በ1986 አሜሪካ ውስጥ መስፈርት ወጣለት፤ በዓመቱ ደግሞ ዓለም አቀፍ ሆነ። ይህን የማነሳው ፍርሃታችሁ እንዲቀል ነው። አንዱ ላይ የተማራችሁት መሠረት ሌላውም ላይ ይሠራል። የመጀመሪያ ምርጫችሁ ዕድሜ ልክ አያስራችሁም።

ለምሳሌ አንድ መጋዘን እናስብ። ከጅቡቲ መስመር ዕቃ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሐረር፣ ወደ ጅግጅጋ፣ ወደ አዳማ ይላካል። «ጭነት» የሚባል ሰንጠረዥ አለን። ዓምዶቹ ቀን፣ ባለቤት፣ ዕቃ፣ ክብደት እና መድረሻ ናቸው። ወደ ሐረር የሄደውን ለማየት እንዲህ እንጠይቃለን፦

ሴሌክት ባለቤት, ክብደት ፍሮም ጭነት ዌር መድረሻ = 'ሐረር';

ትእዛዞቹ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እዚህ እንደሚነበቡ አድርጌ ነው ያስቀመጥኳቸው። የሰንጠረዥና የዓምድ ስም ግን በአማርኛ መሆን ይችላል። ሦስቱም ዳታቤዞች ይቀበሉታል። ችግሩ ኪቦርድ እየቀያየሩ መጻፍ ማሰልቸቱ ነው። ለዚያ ሲሉ ብዙዎች ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ውስጡን በአማርኛ ያደርጋሉ።

መጀመሪያ፣ ኤክሴል ለምን አይበቃም?

ለብዙ ሱቅ ይበቃል። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። በወር መቶ ደረሰኝ ብቻ የምትመዘግቡ ከሆነ ኤክሴልን በደንብ መማር የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ኤክሴል የሚያስቸግረው ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ የደንበኛው ስልክ ሲቀየር ስሙ ያለበትን ረድፍ ሁሉ እየፈለጋችሁ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አንድ ዓምድ ብቻ ለይቶ ሶርት ያደረገ ሰው ስሙን ከሌላ ሰው ክብደት ጋር ያጋጨዋል፤ ያ ጥፋት ደግሞ ቶሎ አይታይም። ሦስተኛ፣ አንድ ሺት ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝም። ሦስተኛው ለሱቅ አያሳስብም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ትንሹም ሱቅ ውስጥ ይከሰታሉ።

በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩም ሪፖርታችሁን ወደ ኤክሴል ማውጣት ትችላላችሁ። እሱን ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ያ ፋይል ለኩዌሪ ልምምድ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ኤስኪውላይት፦ ፋይል ክፈት፣ ጠይቅ

ኤስኪውላይትን ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. አወጣው። ባለቤትነቱ የሕዝብ ነው፤ ማንም ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ውስጥ አሁን እየሠራ ነው። አንድሮይድም አይፎንም ይጠቀሙበታል።

ሰርቨር፣ ማለትም ከጀርባ ሁልጊዜ መሥራት ያለበት ፕሮግራም፣ የለውም። የይለፍ ቃል የለውም። ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ትገለብጣላችሁ፣ በቴሌግራም ትልካላችሁ፣ ከማበላሸታችሁ በፊት ኮፒ ታደርጋላችሁ። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሳይፈራ ይሞክራል። ሁሉን ነገር ቢያጠፋ ኮፒውን ይከፍታል።

የምመክረው ፕሮግራም ዲቢ ብራውዘር ለኤስኪውላይት ይባላል። ነጻ ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ይሠራል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ የሞባይል ዳታችሁን አይበላም። ሳይጫን ከፍላሽ የሚከፈትም አለው፤ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ መጫን ለማይፈቀድላችሁ ይህ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ለውጥ ስታደርጉ ለውጡን የሚጽፈውን ቁልፍ ካልተጫናችሁ አይቀመጥም። ከጎኑ ለውጡን የሚመልስ ቁልፍ አለ። ዲሊት ጽፋችሁ ዌር ስትረሱ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ኤስኪውላይት ከመጠን በላይ ታጋሽ ነው። የክብደት ዓምድ ቁጥር ነው ብላችሁ ሠርታችሁ፣ አንዱ መዝጋቢ «1,200» ብሎ ከነኮማው ቢያስገባ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ግን እንደ ጽሑፍ ነው የሚያስቀምጠው። ድምር ስትጠይቁት 1,200 ብሎ አይደምረውም። ስህተት አለ ብሎም አይነግራችሁም። ይህ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ድምር ትክክለኛ መስሎ ይወጣል። መፍትሔው ሰንጠረዡን ስትሠሩ መጨረሻው ላይ «ስትሪክት» የሚለውን ቃል መጨመር ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት እትሞች ይሠራል። ያኔ ቁጥር ያልሆነውን አላስገባም ይላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልማድ አድርጉት።

ሌላም አለ። በግሩፕ ባይ (ረድፎችን በቡድን በሚሰበስበው ትእዛዝ) ስትጠይቁ እዚያ ያልገባ ዓምድ ሴሌክት ውስጥ ብትጨምሩ፣ ኤስኪውላይት ከቡድኑ አንዱን ረድፍ መርጦ ያሳያችኋል። ፖስትግሬስ ግን በስህተት ያቆማችኋል። ስለዚህ ኤስኪውላይት ላይ ስትማሩ አንድ ደንብ ያዙ። ሴሌክት ውስጥ ያለ ማንኛውም ዓምድ ወይ ግሩፕ ባይ ውስጥ ይኑር፣ ወይ ሰም (ድምር) ወይም ካውንት (ቆጠራ) ይደረግ።

ማይኤስኪውኤል፦ ዌብሳይት ለሚሠሩ

በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አሁን የኦራክል ንብረት ነው። የዌብሳይት መሥሪያው ዎርድፕሬስ የሚሠራው በእሱ ወይም በወንድሙ በማሪያዲቢ ነው። ዌብሳይት መሥራት ዓላማችሁ ከሆነ መጨረሻ ላይ ወደ እሱ መምጣታችሁ አይቀርም።

ብዙ ወጣቶች የሚጀምሩት ዌብ ሰርቨርና ዳታቤዝ በአንድ ላይ በሚጭነው በዛምፕ ነው። ዛምፕ ውስጥ ማይኤስኪውኤል ተብሎ የተጻፈው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእውነቱ ማሪያዲቢ ነው። ለመሠረታዊ ኩዌሪ ልዩነቱ አያሳስብም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ሰርቨሩ ሳይነሳ ሲቀር ቀይ መልእክት ይወጣል። ፖርት 3306 (ሰርቨሩ የሚገናኝበት ቁጥር) በሌላ ፕሮግራም ተይዞ ይሆናል፤ ወይም መብራት በድንገት ሄዶ ፋይል ተበላሽቶ ይሆናል። ጀማሪው ያኔ ኩዌሪ መማሩን ትቶ ሰርቨር ጥገና ይገባል። ሰርቨር ማስተዳደር ጥሩ ሙያ ነው። ግን ገና ሴሌክት ላልለመደ ሰው ጊዜው አይደለም።

ለአማርኛ አንድ ማስጠንቀቂያ። የድሮ የማይኤስኪውኤል እትሞች ሲጫኑ የሚመርጡት የፊደል አቀማመጥ ላቲን ስለነበር የኛ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀር ነበር። ከእትም 8 ጀምሮ የኛንም ፊደል የሚይዘው ዩቲኤፍ 8 ስለሆነ ችግሩ የለም። ከቢሮ የቆየ ዳታቤዝ ተሰጥቷችሁ ስሞቹ በሙሉ «????» ከሆኑ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

ፖስትግሬስ፦ ጥብቅ መምህር

ሥሩ በ1986 እ.ኤ.አ. በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከር የተጀመረ ሥራ ነው። ነጻ ነው። ከሦስቱ ለመስፈርቱ ይበልጥ የሚታመን እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ስትሳሳቱ ዝም አይልም።

ሁለት ዓይነት ሰው ከመጀመሪያው ፖስትግሬስ ቢይዝ አልከራከርም። አንደኛው የጤና መረጃ ላይ የሚሠራ ነው። የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ከጀርባው የሚያርፈው ፖስትግሬስ ላይ ነው። ሁለተኛው ኦዱ የሚባለውን የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሚጠቀም ድርጅት ውስጥ ያለ ነው። ኦዱም ያለ ፖስትግሬስ አይሠራም። ሌላው ሰው ግን መጫኑ በመቶዎች ሜጋባይት እንደሚወስድ፣ ከዚያም የይለፍ ቃል፣ ተጠቃሚና ፖርት እንደሚጠይቀው ይወቅ።

ጥብቅነቱ የኛን አቆጣጠር ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ፤ ብዙ ቢሮ ውስጥ ራስ የሚያዞር ጉዳይ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን «2017-02-30» ብላችሁ የቀን ዓምድ ውስጥ ብታስገቡ ፖስትግሬስ ይመልሰዋል። እሱ የሚያውቀው ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ጳጉሜንን 13ኛ ወር ብላችሁ ብትሰጡትም አይቀበልም። የባሰው መስከረም 5 ነው። «2017-01-05» ሲባል ይቀበለዋል፤ ግን ጃንዋሪ አድርጎ። በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን አለ ብላችሁ ስትጠይቁት መልሱ ይሳሳታል፤ ማንም አያስተውልም።

የምመክረው ይህን ነው። የቀን ዓምዱ ውስጥ የፈረንጁን አቆጣጠር አስገቡ። የኛን ከጎኑ በጽሑፍ ዓምድ ያዙት። ኤስኪውላይት የቀን ዓይነት የሚባል ስለሌለው የኛን ቀን ሳያማርር ይይዛል። ዓመቱን አስቀድማችሁ፣ ወሩንና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ከጻፋችሁ፣ ኦርደር ባይ በትክክል ይደረድርላችኋል። ለመጀመሪያ ልምምድ ይህ በቂ ነው።

አክሰስ

ኦፊስ ካለው ኮምፒውተር ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል። ሳይጽፉ በመጎተት ብቻ ኩዌሪ ያሠራል። ለቢሮ ፎርም ጥሩ ነው። ለመማሪያ ግን አልመርጠውም። ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ላይክ (ከቃል ከፊሉን ይዞ የሚፈልገው ትእዛዝ) ውስጥ ሌሎቹ % የሚሉትን እሱ * ይላል፤ ቀንን በ# ምልክት ያጥራል። እዚያ የለመዳችሁትን ሌላ ቦታ ስትሄዱ መተው ይኖርባችኋል።

ሐረር፣ ሀረር፣ ሃረር

የትኛውንም ዳታቤዝ ብትመርጡ ይህ ይጠብቃችኋል። ላይ የጻፍነውን ኩዌሪ መልሳችሁ እዩት። ወደ ሐረር የሄደውን ጠየቅን። አራት ረድፍ ብቻ ቢመጣስ? እናንተ ግን መኪናው በየሳምንቱ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ።

ለዳታቤዙ ሐ፣ ሀ እና ሃ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱ መዝጋቢ ሐረር፣ ሌላው ሀረር፣ የማታው ሃረር ብሎ ከጻፈ ሦስት ከተማ አላችሁ ማለት ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። የሰው ስም ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ኃይሌ፣ ሐይሌ፣ ሀይሌ። ስለዚህ አዲስ ሰንጠረዥ ስትይዙ የመጀመሪያው ኩዌሪያችሁ ይህ ይሁን፦

ሴሌክት መድረሻ, ካውንት(*) ፍሮም ጭነት ግሩፕ ባይ መድረሻ;

እያንዳንዱን አጻጻፍ ከነብዛቱ ያወጣላችኋል። ለጊዜው እንዲህ ማለፍ ይቻላል፦

ሴሌክት ሰም(ክብደት) ፍሮም ጭነት ዌር መድረሻ ኢን ('ሐረር', 'ሀረር', 'ሃረር');

ዘላቂው መፍትሔ ግን «ከተማ» የሚባል ሁለተኛ ሰንጠረዥ መሥራት ነው። ሐረር ቁጥር 1፣ ጅግጅጋ ቁጥር 2፣ እያለ ይቀጥላል። ጭነት ውስጥ የሚገባው ቁጥሩ ብቻ ነው። ስሙ አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ይጻፋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ጆይን ነው፦

ሴሌክት ከተማ.ስም, ሰም(ጭነት.ክብደት) ፍሮም ጭነት ጆይን ከተማ ኦን ጭነት.ከተማ_ቁጥር = ከተማ.ቁጥር ግሩፕ ባይ ከተማ.ስም;

ጆይን ለብዙዎች ከባድ የሚመስለው ለምን እንዳስፈለገ ሳያዩ ስለሚማሩት ነው። የሐረርን ሦስት አጻጻፍ በዓይኑ ያየ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል። ጭነት ያልተላከበትንም ከተማ ማየት ከፈለጋችሁ ፍሮም ከተማ ብላችሁ ጀምራችሁ ሌፍት ጆይን አድርጉ።

ባዶ ቦታም ያሳስታል። መድረሻው ገና ያልታወቀ ጭነት ውስጡ ናል ነው። «ከሐረር ውጭ ያለውን አምጣ» ብትሉ ናል ያለበት ረድፍ አብሮ አይመጣም። ናልን በእኩል ይሆናል ምልክት መፈለግም አይቻልም። «ኢዝ ናል» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ በሁሉም ዳታቤዝ ያው ነው።

የማይመሳሰሉበት ቦታ ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹን አስር ረድፎች ለማየት ሦስቱ ሊሚት ይላሉ፤ የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ቶፕ ይላል። 5ን ለ2 ስታካፍሉ ማይኤስኪውኤል 2.5 ይላል፤ ኤስኪውላይትና ፖስትግሬስ ግን 5ም 2ም ሙሉ ቁጥር ስለሆኑ 2 ይላሉ። 5.0 ብላችሁ ጻፉ፤ ይስተካከላል።

ስልክ ወይስ ኮምፒውተር?

ኮምፒውተር ከሌላችሁ ስልክ ይበቃል። አንድሮይድ ላይ የኤስኪውላይት አፖች አሉ፤ ተርመክስ (ትእዛዝ የሚጻፍበት አፕ) ውስጥም መጫን ይቻላል። የቀትሩ ሙቀት ሥራ ሲያቀዘቅዝ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ሁለት ሦስት ኩዌሪ መሞከር ቀላል አይደለም እንዴ! ጆይን ላይ ስትደርሱ ግን የስልክ ስክሪን ይጠብባችኋል።

ምልክቶችን ተጠንቀቁ። የስልክ ኪቦርድ ቀጥ ያለውን ጥቅስ አጣሞ ይጽፋል፤ ያኔ ስህተት ይወጣል። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆናችሁ ኮማ ስትሉ ፣ ይገባል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ፤ ይሆናል። ዳታቤዙ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ነው። ኩዌሪው ትክክል ሆኖ አልሠራ ካላችሁ ነጠላ ሰረዙን እዩ።

ክፍል ገብቶ ወይስ ብቻ?

ራሳችሁን የምትገዙ ከሆነ ለመሠረቱ ብቻችሁን ትበቃላችሁ። የሚያስጠይቅ ሰው ካልያዛችሁ የምትተዉ ከሆነ ደግሞ ክፍል ግቡ። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንድ ኮምፒውተር ለስንት ሰው ነው? በመጀመሪያው ቀን ተማሪው በራሱ እጅ ኩዌሪ ይጽፋል ወይ? ሁለተኛው መልስ «መጀመሪያ ቲዎሪ» ከሆነ ሌላ ቦታ አማርጡ። ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ መምህሩ የመረጠውን ዳታቤዝ ተከተሉ፤ ፈተናው በእሱ ነው። ኤስኪውላይት ለቤት ልምምድ ይሁናችሁ።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የስህተት መልእክት ሲያስረዱ ጎበዝ ናቸው። ኩዌሪውን ከነጭራሹ እነሱ ይጻፉልን ካላችሁ ግን አትማሩም። መዝጋቢያችሁ ሃረር ብሎ መጻፉንም እነሱ አያውቁም። እኔ የማምንበት ዘዴ ቀላል ነው። ኩዌሪውን ከማስኬዳችሁ በፊት መልሱ ስንት ገደማ እንደሚሆን ወረቀት ላይ ጻፉ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ምክንያቱን ሳታገኙ አትለፉ። የራሳችሁን መረጃ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። ከኢንተርኔት የተወረደ የውጭ አገር የደንበኛ ዝርዝር ላይ ስህተታችሁን የምታውቁበት መንገድ የለም።

ኤስኪውላይትን መቼ እንልቀቅ?

ሴሌክት፣ ዌር፣ ኦርደር ባይ፣ ግሩፕ ባይ እና ጆይን ማስታወሻ ሳታዩ ከጻፋችሁ ወደ ሰርቨር መሄድ ትችላላችሁ። ሥራው ራሱ የሚያስገድድበት ጊዜም አለ። ኤስኪውላይት ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ማንበብ ይችላል፤ መጻፍ የሚችለው ግን በየተራ አንድ ብቻ ነው። መጋዘኑ ሦስት መዝጋቢ በተለያየ ኮምፒውተር ካስቀመጠ ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል ያስፈልገዋል። ዌብሳይት ከሌለበት ፖስትግሬስን እመርጣለሁ።

ስትሸጋገሩ ሰንጠረዡን ከኤስኪውላይት በሲኤስቪ አውጥታችሁ ፖስትግሬስ ውስጥ አስገቡት። በመጀመሪያው ሙከራ ካልገባ አትደንግጡ። እንቢ ያለበትን ረድፍ ቁጥር ይነግራችኋል፤ እዚያ ሂዱና «1,200» ወይም ጥቅምት 30 መሆኑን እዩ።